የበርሜሉ መድኃኒትና የቴሌግራሙ ወሬ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነኝ። በየቤቱ በርሜል ውስጥ የትንኝ እጭ የሚገድለውን አቤት ስንጨምር ነበር። ሰሞኑን በቴሌግራም የተላለፈ ድምፅ ግን፣ ብራዚል ውስጥ ጭንቅላታቸው አንሶ የተወለዱት ሕፃናት የተጎዱት በዚካ (ትንኝ በምታስተላልፈው ቫይረስ) ሳይሆን በርሜል ውስጥ በተጨመረ መድኃኒት ነው፤ ዓላማውም ሕዝብ መቀነስ ነው ይላል። የቀበሌያችን ኃላፊ «ሕዝቡ ተጠራጥሯል፣ ለጊዜው ይቁም» አሉ። ምን ብዬ ላስረዳቸው? (ከድሬዳዋ፣ ሳቢያን)

መልስ፦ በዚህ ወሬ የተረቱት የእርስዎ ኃላፊ የመጀመሪያው አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ2016 መጀመሪያ አንድ የአርጀንቲና ሐኪሞች ቡድን ጥፋቱን ፓይሪፕሮክሲፌን በተባለ የእጭ መድኃኒት ላይ ጣለ፤ የብራዚሏ ሪዮ ግራንዴ ዶ ሱል ግዛትም ወዲያው አገደችው። የአገሪቱ ጤና ሚኒስቴር መልስ አጭር ነበር፦ ችግሩ ክፉኛ የታየባት ረሲፊ ከተማ ይህን መድኃኒት አልተጠቀመችም። አቤት ደግሞ ሌላ ነው። ፓይሪፕሮክሲፌን ሙሽሬው (ከእጭ ቀጥሎ ያለው ደረጃ) ትንኝ እንዳይሆን ያግዳል፤ አቤት (ቴሜፎስ) የእጩን ነርቭ መትቶ ይገድላል። ድምፁ ስለያዛችሁት ዕቃ እንኳ አያወራም ማለት ነው።

ያም ሆኖ ሰው መጠየቁ አይነቀፍም። ቴሜፎስ ለጫት ከሚረጩት አንዳንዶቹ፣ ለምሳሌ ከማላታዮን ጋር ዘመድ ነው፤ ልኩን ካለፈ ይጎዳል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ የፈቀደው ጣሪያ በሊትር 1 ሚሊግራም ነው። ከክብደቱ 1 በመቶው ብቻ ቴሜፎስ የሆነው የአሸዋ ዓይነት ሲሆን ለ10 ሊትር 1 ግራም፣ ለ200 ሊትር በርሜል 20 ግራም ይደርሳል። በጋምቤላ የጊኒ ዎርም (በመጠጥ ውሃ የሚተላለፍ ትል) ማጥፋት ሥራ ኩሬዎች የሚታከሙት በዚሁ መድኃኒት ነው።

ወሬውን የሚቀልበው አብዛኛውን ጊዜ የአሠራር ግድፈት ነው። በእፍኝ ተገምቶ ይበተናል፣ ወይም ግማሽ በርሜል ውሃ ላይ የሙሉው ልክ ይጨመራል፤ ውሃው ይደፈርሳል፣ ይሸታል፣ እናቶች «መርዝ ነው» ይላሉ። እውነታቸውን ነው፣ ሸቷል! በሚዛን ይለኩ፣ በርሜሉ ከሞላ በኋላ ይጨምሩ፣ ፍሬውን በስስ ጨርቅ ቋጥረው ይንጠልጥሉት። ካልተቋጠረ በርሜል ሲታጠብ አብሮ ይደፋል፤ በሁለተኛው ሳምንት እጭ ሲታይ ደግሞ «አይሠራም» የሚል ሌላ ወሬ ይወለዳል። የእርሻ ፀረ ተባይ በምትኩ መጨመር ፈጽሞ አይሞከርም።

ኃላፊውን በክርክር አያድክሟቸው። ካልታከመ በርሜል በነጭ ጠርሙስ ውሃ ቀድተው በባትሪ ብርሃን የሚገለባበጠውን እጭ ያሳዩአቸው፤ ከታከመው በርሜል በተቀዳ ውሃ ውስጥ ጨምረው በማግስቱ አብረው ይዩት። የማሸጊያውን ጽሑፍ (የመድኃኒቱን ስም፣ መቶኛውን፣ የሚያበቃበትን ቀን) ፎቶ አንስተው ይስጧቸው። ከዚያ እገዳው እስከ መቼ እንደሚቆይ፣ እስከዚያው በምን እንደሚተካ በጽሑፍ ይጠይቁ። በቃል «ይቁም» ማለት ቀላል ነው፤ ቀንና ፊርማ ሲጠየቅ ብዙው ሰው ቆም ብሎ ያስባል።

እስኪወስኑ ግን ሥራ አይቁም። ሙቀት ባለበት እንቁላሉ ትንኝ ለመሆን ከ7 እስከ 10 ቀን ይበቃዋል፤ ስለዚህ በርሜሉ በየሳምንቱ ይደፋ፣ ውስጡ በብሩሽ ይፈተግ። የደንጌና የቺኩንጉንያ ትንኝ እንቁላሏን ከውሃው ጠርዝ ከፍ ብላ ግድግዳው ላይ ትለጥፋለች፤ ውሃ መድፋት ብቻ አያስለቅቀውም፣ ደርቆም ወራት ይቆያል። ክዳን የሌለው በርሜል በጠባብ ቀዳዳ መረብ ይታሰር። የድሬዳዋ ሰው ይህን ዋጋ ያውቀዋል፦ በ2011 ዓ.ም. ክረምት ቺኩንጉንያ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩትን አልጋ ላይ ጥሏል፤ በ2014 ዓ.ም. የተነሳው ወባም በርሜልና ጋን ውስጥ ከምትራባው ስቴፈንሲ ትንኝ ጋር ተያይዟል።

ጥያቄ፦ የፖሊዮ ጠብታ መካን ያደርጋል እየተባለ ጎረቤቶቼ ልጅ ይደብቃሉ። «አንዴ ከተከተበ ለምን ይደጋገማል?» ይላሉ። (ከሐረር፣ ጀጎል)

መልስ፦ ይኸው ወሬ እ.ኤ.አ. በ2003 በናይጄሪያ የካኖ ግዛት ገዥ ኢብራሂም ሼካራውን ክትባቱን እስከ ማስቆም አድርሷል። አንድ ዓመት ገደማ ቆሞ የተጀመረው ከኢንዶኔዢያ በመጣ ክትባት ነው፤ ሙስሊም አገር የሠራውን ሕዝቡ ያምናል ተብሎ። ቫይረሱ ግን እስከዚያ ድንበር ተሻግሮ ነበር፤ ኢትዮጵያም ገባ፣ እ.ኤ.አ. በ2005 ኢንዶኔዢያ ራሷ ደረሰ።

የሚደጋገመው ጠብታው አንጀት ውስጥ ሁልጊዜ ስለማይዝ ነው፤ በተለይ ተቅማጥና ሌሎች ቫይረሶች በሚበዙበት። ለጎረቤቶችዎ ብልቃጡን ያሳዩአቸው፦ መለያው ላይ ክብና በመሃሉ አራት ማዕዘን አለ። አራት ማዕዘኑ ከክቡ የነጣ ከሆነ ክትባቱ ሙቀት አላበላሸውም፤ ቀለማቸው ከተመሳሰለ ወይም አራት ማዕዘኑ ከጠቆረ «አይሰጥ» ማለት መብታቸው ነው።