«አስፐርሽን» ስም ማጥፋት ነው ወይስ ነገር ጣል ማድረግ?

ጥያቄ፦ የምኖረው ሜሪላንድ ውስጥ ነው። ከአንድ የሥራ ባልደረባዬ ጋር በተፈጠረ አለመግባባት ሳቢያ ከአለቃዬ የደረሰኝ ማስጠንቀቂያ «ካስቲንግ አስፐርሽንስ» በማለት ይወቅሰኛል። መዝገበ ቃላት ስገልጥ «ስም ማጥፋት» የሚል አገኘሁና ደነገጥኩ። በሕግ ያስጠይቀኛል ማለት ነው? ትክክለኛ አማርኛውስ ምንድን ነው?

መልስ፦ መዝገበ ቃላትዎ ጨርሶ አልተሳሳተም፤ ቃሉን ግን ከሚገባው በላይ አክብዶታል። የቃሉ ምንጭ ላቲን ሲሆን ጥንተ ፍቺው መርጨት ነው። «በሂሶጵ እርጨኝ» የሚለው የዳዊት ጸሎት በላቲኑ መጽሐፍ ቅዱስ የተነገረው በዚሁ ግስ ነው፤ ውኃ በመርጨት የሚፈጸም ጥምቀትም በእንግሊዝኛ እስከ ዛሬ አስፐርሽን ይባላል። ቃሉ ወደ ሰው ስም የዞረው በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ሲሆን፣ ያን ጊዜ የሚረጨው ጸበል መሆኑ ቀርቶ ጭቃ ሆነ ማለት ነው።

ዛሬም ቢሆን ቃሉ ፍንጣቂነቱን አልተወም። «እገሌ የመሥሪያ ቤቱን ገንዘብ ሰርቋል» ብሎ በሐሰት የሚያወራ ሰው ስም አጥፍቷል፤ «ሒሳቡ እርሱ ተረኛ በሆነ ቀን ብቻ ለምን እንደሚጎድል እግዜር ይወቀው» ብሎ የሚያልፍ ሰው ግን ማንንም ሌባ ሳይል ጥርጣሬውን ረጭቶ ሄዷል። አስፐርሽን በአብዛኛው የሚነገረው ለዚህ ለሁለተኛው ነው። ብዙውን ጊዜ በብዙ ቁጥር ሆኖ «ካስት»፣ ማለትም «ጣለ»፣ ከሚለው ግስ ጋር ይሄዳል፤ የእኛው «ነገር ጣል ማድረግ» በምን አጋጣሚ እንዲህ እንደገጠመለት ይገርመኛል።

ወደ ሕጉ ስንመጣ፣ የእንግሊዝን የሕግ ሥርዓት በወረሱ አገሮች በቃል የሚፈጸመው ስም ማጥፋት ስላንደር፣ በጽሑፍ የሚፈጸመው ላይብል ይባላል። የ1952ቱ የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ ግን በአንቀጽ 2044 ቃልንም ጽሑፍንም በአንድነት ይዟቸዋል። አስፐርሽን ራሱ የክስ ስም አይደለም፤ የሚያስጠይቅ ነገር ካለ የሚመዘነው አለቃዎ በመረጡት ቃል ሳይሆን እርስዎ በተናገሩት ነው።

ስለዚህ የደብዳቤውን ሐረግ «በባልደረባህ ላይ ጥርጣሬ የሚያሳድር ነገር ጣል አድርገሃል» ብለው ቢተረጉሙት ይስማማዋል። «አሽሙር» ይቀርበዋል የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን አልመርጠውም፤ በአሽሙር ውስጥ ለዛና ጨዋታ ሊኖር ይችላል፣ በአስፐርሽን ውስጥ ግን የለም።