በረሃው ይሻለናል ወይስ ወንዙ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። ጁላይ ላይ ከባለቤቴ ጋር ሳፋሪ ልንሄድ ነው፣ እሱ ናሚቢያ ያለውን የናሚብ በረሃን ይላል እኔ ቦትስዋና ያለውን ኦካቫንጎ ወንዝን፣ ግን ካምፖቹ አጥር የላቸውም ሲሉኝ ፈራሁ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ እህቴ፣ ጁላይ ከሆነማ እኔ ካንቺ ጋር ነኝ። አንጎላ ላይ የዘነበው ዝናብ በኦካቫንጎ ወንዝ ወራት ፈጅቶ ወርዶ ቦትስዋና ውስጥ ያለውን ዴልታ፣ ማለትም ወንዙ ተበታትኖ የሚተኛበትን ረግረግ፣ የሚሞላው ልክ በደረቁ ወቅት ነው፣ ዙሪያው ሲደርቅ እዛ ውሃ ስላለ እንስሳው ሁሉ ወደዛ ይሰበሰባል፣ ውሃው ደግሞ ባህር ሳይደርስ እዛው በረሃው ላይ ነው የሚያልቀው፣ ይሄ ሁሌም ይደንቀኛል። ዩኔስኮ በ2014 እ.ኤ.አ. 1000ኛው የዓለም ቅርስ ብሎ መዝግቦታል።

አጥር የሌለው ነገር እውነት ነው፣ ብዙዎቹ ካምፖች የላቸውም። ከመሸ በኋላ ግን የካምፑ ሰው ነው ድንኳናችሁ ድረስ የሚያደርሳችሁ፣ ብቻችሁን እንዳትወጡ፣ ጉማሬ ማታ ማታ ሳር ሊግጥ ከውሃ ይወጣል፣ በሱና በውሃው መሃል መገኘት በጣም አደገኛ ነው። ስለ ወባ መድኃኒት ሳትሄዱ በፊት ሐኪም አማክሩ።

ሻንጣም ጠንካራውን ተዪው፣ ትናንሾቹ አውሮፕላኖች የሚቀበሉት ለስላሳ ቦርሳ ነው። ወፍራም ጃኬት ያዙ፣ ጠዋት በክፍት መኪና ስትወጡ ብርዱ ከባድ ነው።

ቀን ከተረፋችሁ የባለቤትሽንም ጨምሩበት፣ ናሚብ ውስጥ ሶሱስፍሌይ በሚባለው ቦታ ቀዩን የአሸዋ ኮረብታ ፀሐይ ስትወጣ ማየት፣ ማታ ደግሞ እዛው ናሚብ ያለው የናሚብራንድ ጥብቅ ስፍራ ሰማይ ከነኮከቡ፣ እሱም ልክ ነው።