ለማዳቀያ ቢላ አልኮል አይበቃም

እህቴ፣ የጠየቅሽው ሁለት ነገር ነው። አቮካዶን የሚያሳምመው ቫይሮይድ የሚባለው ነገር ቫይረስ ነው ወይ? በሽታው ከዛፍ ወደ ዛፍ እንዳይሄድስ የአቮካዶ ማዳቀያ ቢላ በአልኮል ቢጠረግ ይበቃል? እዚህ ጅማ ለዓመታት ችግኝ ሳዳቅል ስለኖርኩ ከሁለተኛው ልጀምር። አይበቃም።

እኔም ድሮ በአልኮል ነበር የምጠርገው። በኋላ አንድ የእፅዋት በሽታ ባለሙያ አስረዳኝ። ቫይረስ ቢያንስ የፕሮቲን ልብስ አለው። ቫይሮይድ ግን እርቃኑን ነው፤ ክብ የሆነች አንዲት የአርኤንኤ (የዘር መረጃ የሚይዝ ሞለኪውል) ክር፣ በቃ። የአቮካዶው ቫይሮይድ 250 ገደማ የዘር ፊደል ብቻ አለው፤ የኮሮና ቫይረስ 30,000 ገደማ። አልኮል የሚጎዳው ስብና ፕሮቲን ነው፤ እዚህ ደግሞ ሁለቱም የሉም። እንዲያውም ላብራቶሪ ውስጥ አርኤንኤን ለማጥራት ራሱ አልኮል ይጠቀማሉ!

ስለዚህ በረኪና። አንድ እጅ በረኪና፣ ዘጠኝ እጅ ውሃ። በየቀኑ አዲስ በጥብጪ፣ ሲያድር ይደክማል። ሁለት ቢላ ያዢ፤ አንዱ ሲሠራ ሌላው ይዘፍዘፍ። ቢላው ላይ የቀረውን የዛፍ ጭማቂ ግን አስቀድመሽ ጥረጊ። ማታ በውሃ አለቅልቀሽ ዘይት ቀቢው፤ በረኪና ብረት ይበላል።

ከቢላው በላይ እኔን የሚያሳስበኝ እናት ዛፏ ናት። የታመመች ዛፍ ፍሬዋ ላይ ከተንጠለጠለበት እንጨት በኩል ወደ ታች የሚወርድ፣ ጎድጎድ ያለ ቢጫ ሰንበር ይወጣል። ክፋቱ፣ ምንም ምልክት የማታሳይም አለች። ከእሷ ዘር የሚበቅለው ደግሞ ሁሉም ለማለት ይቻላል በሽታውን ይዞ ነው የሚወጣው። እኛ ግን ቀንበጡን የምናዳቅልበትን መሠረት የምናበቅለው ከየጁስ ቤቱ በማዳበሪያ ጆንያ ከምናመጣው ዘር ነው! የማን ዛፍ እንደሆነ ማን ያውቃል?

አንድ ጊዜ ማና ወረዳ፣ አንድ ሐጂ ጓሮ እንዲህ ያለ ፍሬ አየሁ። ፀሐይ አቃጥሎት ሊሆን ይችላል፤ እርግጡን የሚለየው ላብራቶሪ ነው። ቀንበጥ ሳልቆርጥ ተመለስኩ። አንዴ ከያዘው መድኃኒት የለውም፣ መንቀል ብቻ ነው።

የላም እብደት በሽታንም አንስተሻል። እሱ ፕሪዮን ነው፣ የዚህ ተቃራኒ፤ ጂን የሌለው ፕሮቲን ብቻ። አጣጣፉ የተበላሸው ፕሮቲን ጤነኛውን እንደ ራሱ ያጣምመዋል። ስሙን በ1982 እ.ኤ.አ. ያወጣለት ስታንሊ ፕሩሲነር በ1997 ኖቤል ተሸልሟል። ቫይሮይድ ግን ሰው አይዝም፣ አቮካዶሽን ሳትሰጊ ብዪ።

እናት ዛፍሽ ስታፈራ ፍሬውን ከእንጨቱ በኩል ፎቶ አንሺና እዚሁ ለጥፊው። አብረን እናየዋለን።