መልስ፦ እንግሊዞች ሂንዱዎችን በመንግሥት ኃይል አጥምቀዋል ወይ?

ጥያቄዎ የሚነሳው ፖርቱጋሎች በህንድ ምዕራብ ጠረፍ በምትገኘው ይዞታቸው በጎዋ ያደረጉትን ከእንግሊዞች ጋር በማምታታት ይመስለኛል። ጎዋ ላይ ቤተ መቅደስ ፈርሷል፤ ከ1560 ጀምሮም የኢንኩዊዚሽን ችሎት (ከእምነት ወጥተዋል የሚባሉትን የሚመረምር የካቶሊክ ፍርድ ቤት) ተቀምጧል (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

በህንድ የእንግሊዝን ግዛት ያስተዳድር የነበረው የምሥራቅ ህንድ ኩባንያ ግን ነጋዴ ነበር፤ ሃይማኖት ከተነካ ንግዱም ወታደሩም እንደሚናጋበት ያውቃል። ስለዚህ ሚስዮናውያንን ይከለክል ነበር። እንግሊዛዊው ሚስዮናዊ ዊልያም ኬሪ በ1793 ቤንጋል ቢገባም፣ በ1800 ሚስዮኑን ያቋቋመው በዴንማርክ ይዞታ ሥር በነበረችው በሴራምፖር ነው፤ የኩባንያው ክልከላ እዚያ አይደርስበትማ! በ1806 ደግሞ በደቡብ ህንድ ቬሎር ላይ የኩባንያው ህንዳውያን ወታደሮች አመፁ። ምክንያቱ አዲሱ የራስ መሸፈኛ፣ እንዲሁም የግንባር ምልክትና ጢም መከልከሉ ነበር፤ «ክርስቲያን ሊያደርጉን ነው» የሚል ወሬም ተነዛ። ለሚስዮናውያን በሩ በፈቃድ የተከፈተው የእንግሊዝ ፓርላማ በ1813 ባወጣው የኩባንያው ቻርተር ሕግ ነው፤ ፈቃድ የማውጣት ግዴታውም በ1833 ቀረ።

ብዙዎች የሚዘነጉት ይሄን ነው፦ ያው ኩባንያ የሂንዱ ቤተ መቅደሶች አስተዳዳሪም ነበር። በምሥራቅ ህንድ ያለችውን ኦሪሳን በ1803 ከያዘ በኋላ በፑሪ ከተማ የጃጋናት የተባለውን የሂንዱ አምላክ ቤተ መቅደስ ከሚሳለሙ ሰዎች ግብር ይሰበስብ ነበር። በደቡብ ህንድ ማድራስም በ1817 ደንብ የቤተ መቅደስ ንብረትን ይቆጣጠር ነበር። ሚስዮናውያኑ «ክርስቲያን መንግሥት ጣዖት ያስተዳድራል» ብለው ለንደን ላይ ሲወተውቱ የፑሪው ግብር በ1840 ተነሳ፤ አስተዳደሩም በ1863 ሕግ ለአካባቢ ኮሚቴዎች ተላለፈ።

ለተጠማቂዎች ያደላ ሕግ ከፈለጉ የ1850ውን ይመልከቱ፦ ሃይማኖቱን የለወጠ ሰው ውርሱን እንዳያጣ ይከላከል ነበር። ሂንዱዎች አጥብቀው የተቃወሙት እሱን ነው።