ሰው ያልደረሰው ለቅሶ

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ፒያሳ 22 ዓመት በልብስ ስፌት ሲሠራ ኖሮ፣ በ2016 ዓ.ም. አካባቢው ሲፈርስ ሱቁም አብሮ ፈረሰ። እኔ በጸሎት በረታሁ። በየማለዳው ኪዳን አስደርሼ እመለሳለሁ፤ ልቤ አርፏል። እሱ ግን ቤተ ክርስቲያን መሄድ ትቶ ቀኑን ሙሉ ዝም ብሎ ይቀመጣል። «ተመስገን በል፣ ጤና አለን» ስለው ተነስቶ ይወጣል። እንጦጦ ጸበል ልውሰድህ ብለው እምቢ አለኝ። እኔ ያገኘሁትን ሰላም እንዲያገኝ ምን ላድርግ? (ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂ፣ ከላይ አሳጥረን ባቀረብነው ውስጥ ያልገቡ፣ እርስዎም እንደ ቀላል ነገር ጣል አድርገዋቸው ያለፉ ሁለት ነገሮች አልለቀቁኝም። አንደኛው፣ ሱቁ የፈረሰ ዕለት እርስዎ ቅዱስ ጊዮርጊስ ሲጸልዩ ነበር፤ ከሱቁ በእግር ጥቂት ደቂቃ ነው። ባለቤትዎ ማሽኖቹን ብቻውን አወጣ። ሁለተኛው፣ የ9 ዓመት ልጃችሁ ደረጃ ላይ ወድቃ ጉልበቷ እየደማ፣ ከንፈሯ እየተንቀጠቀጠ «ምንም አልሆንኩም፣ ተመስገን» አለችዎ። ይህን የጻፉልኝ የእምነቷን ጽናት እንዳይ ነው። እኔ ግን ማልቀስ የማይቻልበት ቤት ታየኝ።

ሰው ሲሞትብን የምናደርገውን ያስቡት። እድር ድንኳን ይተክላል፣ ጎረቤት ንፍሮ ቀቅሎ ይመጣል፣ ወዳጅ ዘመድ ምንም ሳይናገር አጠገባችን ቁጭ ይላል። ገና አፈሩ ሳይደርቅ «ጤና አለህ፣ ምን ጎደለህ» የሚለን የለም። የባለቤትዎ ሐዘን ግን ስም አልወጣለትም። ሜትር አንገቱ ላይ ጥሎ ለስንቱ ሙሽራ ሱፍ የለካበት፣ ከጎረቤቶቹ ጋር ቡና የጠጣበት፣ ሰው በስሙ የሚጠራው ቦታ ዛሬ የለም። ለሱቅ ድንኳን አይተከልም። ማንም ቤታችሁ መጥቶ «እግዚአብሔር ያጽናህ» አላለውም። ስለዚህ ዝምታው እምነት ማጣት አይመስለኝም፤ ሰው ያልደረሰው ለቅሶ ይመስለኛል። መጀመሪያ ልትደርሰው ይገባ የነበረችው ሰው ደግሞ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እርስዎ ነበሩ።

እምነታችን ለዚህ ቦታ አጥቶ አይደለም። ኢዮብ ያ ሁሉ ሲደርስበት ሦስቱ ወዳጆቹ መጥተው 7 ቀንና 7 ሌሊት አብረውት መሬት ላይ ተቀመጡ፤ አንድ ቃል አልተናገሩትም። እስከዚያ ድረስ መልካም ወዳጆች ነበሩ። የበደሉት አፋቸውን ከፍተው ማስረዳት ሲጀምሩ ነው። ዳዊት የሚደግሙ ሰው ነዎትና «አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?» የሚለውን በቃልዎ ያውቁታል። ያ ጸሎት ነው፤ ማንም ክህደት ብሎት አያውቅም። ቤተ ክርስቲያናችንም ቢሆን ሰውን በቀጥታ ወደ ትንሣኤ አታስገባም። ሰሙነ ሕማማትን ሙሉ ታሰግደናለች፤ በዚያ ሳምንት ተሳስሞ ሰላም መባባል እንኳ የለም። እርስዎ ባለቤትዎን ስቅለትን አስዘልለው ለፋሲካ ሊያደርሱት ፈለጉ።

ያገኙት ሰላም የውሸት ነው አልልም። በጸሎት የሚጸና ልብ በሥራዬ ብዙ አይቻለሁ፣ አከብረዋለሁም። ግን በዚያ ረጅም ደብዳቤ ስለ ቤት ኪራዩ፣ ስለ ልጅቷ ትምህርት ቤት ክፍያ፣ እርስዎ ስለፈሩት ነገር አንድ መስመር የለም። ማለዳ ሲወጡ ወደ ጸሎት እየሄዱ ነው፤ ምናልባት ከዚያ ዝምታም እየሸሹ ይሆን? ልብዎ አርፎም ሊሆን ይችላል፣ ፍርሃቱ ተሸፍኖም ሊሆን ይችላል። ይህን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል።

ምን ያድርጉ ላሉት ብዙ አልልም። ተመስገን ማለትዎን አይተዉ፤ እሱን «በል» ማለቱን ግን ለጊዜው ይተዉት። አንድ ምሽት ቡና አፍልተው «ያን ቀን ብቻህን ተውኩህ» ቢሉት ጥሩ ይመስለኛል። መልስ አይጠብቁ፤ ያን ዕለትም ተነስቶ ሊወጣ ይችላል። ልጅቷ ስትወድቅ መጀመሪያ ይቀፏትና ታልቅስ። ጸበሉ እሱ ራሱ እስኪፈልግ ይቆይ። እንቅልፍና ምግብ እየራቀው ከሄደ ወይም ስለ መሞት ካነሳ ግን ሳይዘገዩ ሐኪም ዘንድ ይውሰዱት፤ ጸሎትና ሕክምና አይጣሉም።

በአካል ብንገናኝ እመርጣለሁ፤ በደብዳቤ የሚታየኝ ግማሹ ብቻ ነው። እሱ እምቢ ካለ አይጎትቱት። እርስዎ ብቻዎን ይምጡና ስለ እሱ ሳይሆን ቅዱስ ጊዮርጊስ ደጅ ስለቆሙባት ስለዚያች ማለዳ እናውራ።