እናትሽ ያለ ኪኒን ስላለመተኛታቸው

አባትሽ ካረፉ ወዲህ እናትሽ ያለ እንቅልፍ ኪኒን እንደማይተኙ ጽፈሽ፣ «ሱስ ነው ወይስ ድክመት? ለምንስ ሴቶች ይበዛሉ?» ብለሽ ጠይቀሻል። ፋርማሲ ውስጥ ስሠራ ያየሁትን ልንገርሽ።

ድክመት የሚለውን እርሺው። ሰውነት መድኃኒቱን ስለለመደ ነው ያለሱ አልተኛም የሚለው፤ ማንንም ያጋጥማል። የሴቶች መብዛት ግን እውነት ነው። እነ ዳያዚፓም የሚባሉት የጭንቀትና የእንቅልፍ ኪኒኖች ከወጡበት ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከወንድ ይልቅ ለሴት ነው በብዛት ሲታዘዙ የኖሩት። ሴቷ ጭንቀቷን ለሐኪም ትናገራለች፤ ወንዱ ብዙ ጊዜ በመጠጥ ስለሚያደነዝዘው መዝገብ ላይ አይገባም። ሕፃን ሲያለቅስ፣ በሽተኛ ሲያቃስት የምትነሳውስ ማን ናት?

አንዲት ደንበኛ ነበረችን፤ ባሏ ስትሮክ መቶት አልጋ ላይ ከዋለ ጀምሮ ነው የምትወስደው። ባዶውን ካርቶን ባንኮኒው ላይ ታስቀምጣለች፣ እንሰጣታለን፣ ትሄዳለች። አንድ ቀን ሌሊት ማን እንደሚያግዛት ብጠይቃት ሳቀችብኝ። ኪኒኑን ውጣም ግማሽ ጆሮዋ ባሏ ጋ ነው። ሐኪሟ መጠኑን መቀነስ የቻለው እህቷ በተራ ማደር ከጀመረች በኋላ ነው። (በሐኪሞችም አልፈርድም፤ ለአንድ ሰው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ሲኖርህ ሐዘን ከማድመጥ ማዘዣ መጻፍ ይቀላል።)

አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ደግሞ ይባስ። የሌሊት ተረኛ ስለሚያንስ አዛውንቶቹን ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ያስተኟቸዋል። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሲነቁ «እንቅልፍ እምቢ አላቸው» ይባልና ኪኒን ይታዘዛል። እንቅልፋቸውንማ ጨርሰዋል! እኔ እንደሚመስለኝ እዚያ ኪኒኑ የሚታዘዘው ለተረኛው ነው።

የእናትሽን ኪኒን በድንገት እንዳታስቆሚ። ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ቆይቶ በአንዴ ከተቋረጠ እንቅልፍ ማጣቱ ብሶበት ይመለሳል፤ እንዲያም ሲል ሰውነትን የሚያንቀጠቅጥ፣ ራስን የሚያስት ነገር ያመጣል። ብዙ ጊዜ የሚመከረው ከ2 እስከ 4 ሳምንት ብቻ እንዲወሰድ ነው፤ ከዚያ ያለፈው በሐኪም ክትትል ቀስ እያለ ነው የሚቀነሰው። እስከዚያው ወደ መጸዳጃ ቤት የሚወስደው መንገድ ላይ መብራት ይደርልሽ፤ በመድኃኒት ድንዝዝ ብሎ የተነሳ አዛውንት ወድቆ ዳሌው ሲሰበር አይቻለሁ። ዘመድ ያመጣላቸውን ሌላ ኪኒን ደርበው እንዳይወስዱም ተከታተይ።

ሐኪሙ ጋ ስትሄዱ አብረሽ ግቢ። ከመቼ ጀምሮ እንደሚወስዱና ማታ ብቻቸውን እንደሚያመሹ አንቺ ንገሪው፤ እሳቸው «ደህና ነኝ» ብለው ነው የሚወጡት።