ኮሎኔሉን «ጄኔራል» ስንለው

ጥያቄ፦ የአሜሪካዊውን የጦር አዛዥ የከርቲስ ለሜይን የሕይወት ታሪክ ወደ አማርኛ እየመለስሁ ነው። «ጄኔራል ለሜይ በነሐሴ 1943 የአሜሪካን አየር ኃይል እየመራ ሬገንስቡርግን ደበደበ» ብዬ ብጽፍ የሥራ ባልደረባዬ «እየመሩ ደበደቡ» በል አለኝ። ልክ ነው?

መልስ፦ ልክ ነው፤ ያየው ግን የዐረፍተ ነገሩን ትንሹን ጉድለት ነው።

ከቀኑ ልነሣ። ወሩ የእኛ፣ ዓመቱ የፈረንጅ ሆኗል። የእኛ አንባቢ «ነሐሴ 1943» ሲል የሚያስበው ቃኘው ሻለቃ ኮሪያ የነበረበትን ክረምት ነው። የጀርመኗ ከተማ ሬገንስቡርግ የተመታችው ነሐሴ 11 ቀን 1935 ዓ.ም. ነው፤ የፈረንጁን መጠበቅ ከፈለጉ «ኦገስት 17 ቀን 1943» ይበሉ።

በዚያ ቀን ለሜይ ጄኔራል አልነበሩም፤ ኮሎኔል ነበሩ። ብርጋዴር ጄኔራል የሆኑት በቀጣዩ ወር፣ ሜጀር ጄኔራል የሆኑት ደግሞ እ.ኤ.አ. በማርች 1944፣ ገና በ37 ዓመታቸው ነው። ሙሉ ጄኔራል የሆኑት ግን እ.ኤ.አ. በ1951 ነው። እኛ ከብርጋዴር ጀምሮ ሁሉንም «ጄኔራል» ብለን እንጠራለን። ለሰላምታ ይበቃል፤ ለታሪክ ጸሐፊ ግን አይበቃም። ኮሎኔሉ ያን ዕለት ከፊት ባለው አውሮፕላን ተሳፍረው ነው የመሩት፤ የጀርመንን የተዋጊ አውሮፕላን ፋብሪካ መትተው ወደ እንግሊዝ ሳይመለሱ ሰሜን አፍሪካ ሲያርፉ 24 ቦምብ ጣይ አጥተዋል። «ጄኔራል» ብለው ሲጀምሩ አንባቢው ሰውየውን ጠረጴዛ ላይ ካርታ ዘርግቶ ያየዋል።

«የአሜሪካ አየር ኃይል» ከሁሉም የከፋው ነው። በጦርነቱ ጊዜ አብራሪዎቹ የምድር ጦሩ አካል ነበሩ፤ አየር ኃይሉ ራሱን የቻለው ሴፕቴምበር 18 ቀን 1947 ነው። ችግሩ በዚህ አያበቃም። እንግሊዝ ውስጥ የሰፈረውና ለሜይ ያገለገሉበት ክፍል ስሙ «8ኛው አየር ኃይል» ነበር። በአማርኛ አየር ኃይል ለአንድ አገር አንድ ነው፤ አንባቢዎ አሜሪካ ስምንት አየር ኃይል ነበራት ወይ ብሎ ይደናገራል። እኔ ብሆን መጀመሪያ ላይ «8ኛው አየር ኃይል የተባለው የጦር ክፍል» ብዬ ከዚያ በኋላ «8ኛው» እያልሁ እቀጥላለሁ። ለሜይ የመሩትም ሁሉን ሳይሆን ከሥሩ ካሉት ንዑስ ክፍሎች አንዱን፣ «ክንፍ» የሚባለውን ነው።

«ደበደበ» ብቻውን በትር ያስታውሳል፤ «በቦምብ» ይጨምሩበት። ወደ ቶኪዮ ምዕራፍ ሲደርሱ ግን ይህም አይበቃም። የካቲት 30 ቀን 1937 ዓ.ም. ለመጋቢት 1 አጥቢያ ከ300 በላይ ቢ-29 አውሮፕላኖች ከማሪያና ደሴቶች ተነሥተው፣ ለሜይ ባዘዙት መሠረት ከተለመደው እጅግ ዝቅ ብለው፣ ከእንጨት በተሠራችው ከተማ ላይ ተቀጣጣይ ቦምብ አዘነቡ። ወደ 41 ካሬ ኪሎ ሜትር ነደደ፤ 100 ሺህ ያህል ሰው እንደሞተ ይገመታል። ለዚህ ግሱ «አቃጠሉ» ነው።

አሁን ወደ ባልደረባዎ። ማዕረግ ከጠሩ ግሱ ይከተላል፤ «ኮሎኔል ለሜይ መራ» ጆሮ ይቆረቁራል። ያለ ማዕረግ «ለሜይ መራ» ማለትም ያስኬዳል፤ ሂትለርንም እንዲሁ ነው የምንጽፈው። የማልቀበለው ሬገንስቡርግ ላይ «መሩ» ብሎ ቶኪዮ ላይ «አቃጠለ» ማለትን ነው። ሰውየውን ሊወቅሱ ይችላሉ፤ ወቀሳዎን ግን በቃል ይናገሩት እንጂ በግሱ ጫፍ ሸሽገው አያሳልፉት። አንዱን መርጠው ከልደት እስከ ሞት ይዝለቁበት። «ሕፃኑ ተወለዱ» ሲሉ ፈገግ ቢያሰኝም የቋንቋችን ወግ ነው።

እንግዲህ እኔ እንዲህ አርመዋለሁ፦ «ኦገስት 17 ቀን 1943 ኮሎኔል ለሜይ 8ኛው አየር ኃይል ከተባለው የጦር ክፍል አንዱን ክንፍ እየመሩ የሬገንስቡርግን የአውሮፕላን ፋብሪካ በቦምብ ደበደቡ።»